ላሟንም ልጁንም «ቡዳ በላው» ማለት ይብቃን!

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አላወራም። ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ልጃችሁ ነኝና ታገሱኝ።

በቅርቡ አንድ አባት ደወሉልኝ። ድቅል ላማቸው ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች፤ ገለባውን ግን ትለቃቅማለች። ወተቷ በግማሽ ወርዷል፣ ጎኗ ገብቷል። ግድግዳ ትልሳለች፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች። «ቡዳ በልቷት ነው» ተብሎ አምስት ቀን ሙሉ ጭስ ሲጨስባት ከርሟል። በዚሁ ሰበብ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋርም ተቀያይመዋል። ሄጄ ትንፋሿን ሳሸተው አሴቶን፣ አሴቶን ይላል፤ ያ ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ማለቴ ነው። በሽታው ኪቶሲስ ይባላል። ጎረቤቲቱ ምን አጠፉ? ምንም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም ወተት ለመሥራት ስኳር ያስፈልጋታል። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወተቷ ቶሎ ይጨምራል፤ የምትበላው ግን አይደርስበትም። ስለዚህ የራሷን ስብ ማቅለጥ ትጀምራለች። ስቡ በብዛት ወደ ጉበቷ ሲገባ ጉበቷ ኪቶን የሚባል ነገር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል። ኪቶን ሲበዛ ምግብ ያስጠላታል፤ ባልበላች ቁጥር ደግሞ ሌላ ስብ ይቀልጣል። ሽታውም፣ ግድግዳ መላሷም፣ መንገዳገዷም ከዚያ ነው እንጂ ከሰው ዓይን አይደለም።

ታዲያ ማን አመጣው? እውነቱን እንነጋገር፤ እኛው ነን! ከመውለዷ በፊት መታለብ ስታቆም ወይ እንረሳታለን፣ ወይ ከመጠን በላይ እናደልባታለን። በጣም ወፍራ የወለደች ላም ደግሞ ይበልጥ ትጋለጣለች። ከወለደች በኋላ ገለባ ጣል እያደረግንላት ጠዋትና ማታ እናልባታለን። እኛ ባለሙያዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም፤ አዳቅለን፣ አመጋገቧን ሳናስተምር የሄድን አለን።

ምን ይደረግ?

1. ላሟ ስትወልድ አትክሳም አትወፍርም፤ መካከለኛ ትሁን።

2. ከመውለዷ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ ፉርሽካና ፋጉሎውን በትንሽ በትንሹ አለማምዷት። ስትወልድ ቀስ በቀስ ጨምሩላት። ጥሩ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ አይጉደልባት።

3. ፉርሽካውን ትታ ገለባ መረጠች? ወተት ቀነሰች? በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። በደም ሥሯ ግሉኮስ ይሰጣታል፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል በአፍ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። ስኳር በጥብጦ ማጠጣት አይተካውም፤ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ስኳሩ ደሟ ጋ ሳይደርስ ያብላሉታል።

4. ይህን ሽታ አፍንጫው የማይለየው ሰው አለ። «አልሸተተኝም» ብላችሁ አትዘናጉ።

ላሟ ታክማ ዳነች፤ የሄደው ወተት ግን አልተመለሰም። እኔን የረበሸኝ ሌላ ነው። ላሟን ስናክም የቤቱ እመቤት ጠጋ ብለው «የእህቴም ልጅ አፉ እንዲህ ይሸት ነበር» አሉኝ። «ነበር» ነው ያሉት። ልጁ ስኳር በሽታ ነበረበት። አስታወከውና ምግብ እምቢ አለ፤ «ሳይበላ እንዴት ይወጋል» ብለው መርፌውን አቆሙበት። በኃይል መተንፈስ ሲጀምር «ልክፍት ነው» ተባለ።

ወገኖቼ፣ ያም ኪቶን ነው! መንገዱ ግን ይለያል። ላሟ ደሟ ውስጥ ስኳር አጥሯታል። የልጁ ደም ስኳር ሞልቶበታል፤ ነገር ግን ያለ ኢንሱሊን ስኳሩ ሥራ ላይ አይውልም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ቤት በሉት። ሰውነቱ እህል እያለ ይራብና ስቡን ያቀልጣል፤ ኪቶኑም ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ስለዚህ ለላሟ የሠራው ስኳር ለዚህ ልጅ አይሠራም። የሚያድነው ጤና ተቋም ውስጥ የሚሰጠው ኢንሱሊንና ፈሳሽ ነው። (መርፌውን ወግቶ ያላበውና የተንቀጠቀጠ ግን ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር ይሰጠው። አታምታቱት።)

ኢንሱሊን ለሰው መሰጠት የጀመረው በፈረንጆች 1922 ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕፃን ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ መድኃኒቱ እያለ ልጅ መቅበር ምን ይባላል?

ቢታመምም፣ ባይበላም፣ ኢንሱሊኑን በራሳችሁ ውሳኔ አታቁሙ፤ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት፣ ክሳት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ መፍዘዝ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ስኳር እንዳለበት በማይታወቅ ልጅ ላይም ይመጣል።

ጸበሉን፣ ጸሎቱን፣ ዱዓውን ተዉ አላልኩም፤ እሱ የየእምነታችሁ ነው። መርፌው ግን አይቋረጥ። ጎረቤታችሁንም በከንቱ አትጠርጥሩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ሼር አድርጉት። ስልክ ለሌለውም ጎረቤት አንብቡለት።