ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?

የደኅንነት ካሜራ ነገር በተነሣ ቁጥር «ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?» የምትል ጥያቄ ትወረወራለች። ባልደረቦቼ፣ ያውም ሕግ የሚያስተምሩት ሳይቀሩ፣ ሲደግሟት እሰማለሁ።

የትናንቱ ካሜራ ዓይን እንጂ አእምሮ አልነበረውም። ይቀርጻል፤ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። የአሁኑ ግን ራሱ ይተነትናል፤ ፊትን ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ «ያለ ሥራ የቆመ»፣ «ዕቃ ጥሎ የሄደ» እያለ ይጠቁማል።

እኔ ያደግሁት በሐሙሲት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በገበያ ቀን አንዱ ገበሬ የሩዝ ጆንያውን ጥግ አስይዞ ዘመድ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሌላው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከሱቅ ደጃፍ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ለዚያ ማሽን የመጀመሪያው አደገኛ ጥቅል የጣለ፣ ሁለተኛው አድፋጭ ነው። ዘበኛው ግን ሁለቱንም በስም ያውቃቸዋል። ቢሳሳት እንኳ «ለምን ያዝኸኝ?» ይባላል፤ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ማን ሽማግሌ ፊት ያቆመዋል?

ስሕተቱም ተረት አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ተነሥተው ጾታ የሚለዩ የገበያ ፕሮግራሞች በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን በጠቆሩ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። (ከዚያ ወዲህ መሻሻል መኖሩን አልክድም።) የዲትሮይቱ ሮበርት ዊልያምስም አልሰረቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ፖሊስ፣ ፕሮግራም ባወጣው የተሳሳተ ፊት ተመርቶ፣ በሚስቱና በልጆቹ ፊት አሰረው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በዚያው ዓመት ሮይተርስ እንደዘገበው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ካለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የካሜራ ምስሎች በመረጃ ዘራፊዎች ተወስደዋል። ኅብረቱ ያልጠበቀውን ምስል የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይጠብቀዋል ብለን እንመን?

ሕግ የለም አልልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። እኔ የምጠይቀው ካሜራው ሥር የቆመው ሰው የሚጠይቀውን ነው፦ ምስሌን ማን ያያል? ለስንት ቀን ይቀመጣል? ማሽኑ ቢሳሳት ለማን አቤት እላለሁ? መልሱ በየካሜራው ምሰሶ ላይ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። የዲትሮይት ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2024 በፊት መለያ ውጤት ብቻ ሰው ላለማሰር ተስማምቷል። እኛ ደግሞ ይህንኑ፣ ያ ካሜራ ሐሙሲት ገበያ ከመድረሱ በፊት እንጻፈው።