አርባ ስምንት ሰው ምን ያህል ነው?

አንባቢ ሆይ፤ አርባ ስምንት ሰው ብዙ ነው ትላለህ ወይስ ጥቂት? እኔ አስተማሪ ነኝና ቁጥሩን ስሰማ የሚታየኝ አንድ የመማሪያ ክፍል ነው። አንተም የቈየህ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ቀድሞ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን በገንዘብ ቤቱ መስኮት ፊት ይሰለፍ የነበረው ሰው ከዚህ ይበልጥ እንደ ነበር ታውቃለህ። ይሁን እንጂ በአገራችን ውስጥ ከአርባ ስምንት ሰው ተነሥታ ትልቅ የሆነች አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ታሪኳ ለማንኛችንም ትምህርት አለውና ዛሬ በዚህ ዓምድ ጥቂት እንነጋገርበት።

ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የሚባለው ማኅበር መልእክተኞች ከአሜሪካዊው ሐኪም ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር ወደ ደቡብ ተጉዘው ወላይታ ሶዶ የደረሱት በኛ አቈጣጠር በ1920 ዓ.ም. ነው። አገሩ ባዶ አልነበረም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ነበረች፤ ሕዝቡም ሰማይንና ምድርን የፈጠረውን «ጦሳ» ብሎ በራሱ ቋንቋ ይጠራው ነበር። እንግዶቹ ግን ቋንቋውን አያውቁም። እንግዲህ አስበው፤ ስለ ነፍስ ሊነግርህ የመጣ ሰው ውሃ ለመለመን እንኳ አስተርጓሚ ሲፈልግ! ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራቸው ስብከት ሳይሆን እንደ ሕፃን ቃል መልቀምና በሽተኛ ማከም ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሰዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ከስድስት ዓመት ገደማ ድካም በኋላ ዐሥር ሰው! አንድ ጸሐፊ ስድስት ዓመት ሠርቶ በሪፖርቱ ላይ ዐሥር ስም ብቻ ቢያቀርብ አለቃው ምን ይለው ነበር? መልእክተኞቹ ግን ለማጥመቅ አልተጣደፉም። ሰውየው የተማረው በልቡ መግባቱን፥ ኑሮውም መለወጡን ሳያዩ ውሃ ውስጥ አያስገቡትም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን የኛን ተረት የሰሙ ይመስላሉ።

ከዚህ ይልቅ አከራካሪ የነበረው የገንዘቡ ነገር ነው። ሚሲዮኑ ገና ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ያዘ፤ ይኸውም ምእመናኑ የሚሰበሰቡበትን ቤት ራሳቸው ይሥሩ፥ ከመካከላቸው የሚወጡትንም ሰባኪዎች ራሳቸው ይርዱ የሚል ነው። ምእመናኑም ከየደጃቸው እንጨትና ሣር እያመጡ ጸሎት ቤታቸውን ሠሩ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስትሰማ «ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከድኻ ገበሬ ላይ እንዴት እንጨት ይጠይቃል?» ብለህ ብትቈጣ አልፈርድብህም። ነገሩ በእውነት ይከብዳል። ቈጮና በቈሎ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ለሰባኪ የሚያካፍል ሰው የሚሰጠው ከትርፉ አይደለም። ዳሩ ግን የደንቡ ትርጕም የታወቀው ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ነው።

ክፉውም ቀን ብዙ አልዘገየም። ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ መልእክተኞች ሶዶን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። ያን ጊዜ የተጠመቁት ምእመናን አርባ ስምንት ነበሩ። በእጃቸው የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በቋንቋቸው እንደ ማርቆስ ወንጌል ያለ ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ማንበብ የሚችሉትም ብዙ አልነበሩም። የሄዱት ሰዎች ወደ ኋላ እየተመለከቱ «ይህች ትንሽ ጉባኤ ምን ይውጣት ይሆን?» ብለው ቢጨነቁ ምን ያስደንቃል?

ጠላትም አላረፈም። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎች ታሰሩ፥ ተገረፉ። ከነዚህም አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ነበሩ። እስር ቤቱ ለእስረኛ ስንቅ አይሰጥም፤ ዘመድ ያላመጣለት ይራባል። ምእመናኑ ግን ተራ ገብተው ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ያመላልሱ ጀመር። ይህን ያየ ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች በሥጋ ሳይዛመዱ እንዲህ የሚያደርጉት ስለ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። የዚያን ዘመን ትልቁ ስብከት በአገልግል ወደ እስር ቤት የገባው ምግብ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ መልእክተኞቹ ተመልሰው ሲመጡ የምእመናኑ ቁጥር እስከ 10,000 እንደሚደርስ ተገመተ። ከደመወዝተኛ ሰባኪ፥ ከውጭ ገንዘብ፥ ከፈረንጅ አለቃም ውጭ! የእንጨቱና የሣሩ ደንብ ትርጕም ይህ ነበር። ቤቱ የሰጪው ቢሆን ኖሮ ሰጪው ሲሄድ አብሮ ይዘጋ ነበር፤ የራሳቸው ስለ ሆነ ግን ቢፈርስም መልሰው ሠሩት።

ታሪኩን ግን ማር ብቻ አድርጌ ላቀርብልህ አልፈልግም። ጉባኤው ሲበዛ አስተማሪ አነሰ። ከወላይታ ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ፥ ከዚያም ወዲያ የተላኩት ሰባኪዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቆላ ወረዱ፤ ቋንቋውን እንደ አዲስ ተማሩ፥ ወባም አገኛቸው። የሚስቶቹ ድካም ደግሞ ከባሎቻቸው ያነሰ አልነበረም፤ ስማቸው ግን በመጽሐፍ ብዙ አይገኝም። ዛሬ ቃለ ሕይወት በሚል ስም የምትታወቀው ቤተ ክርስቲያን በአገራችን ካሉት ትላልቅ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ሆና ስናያት፥ ይህ ሁሉ ከበስተጀርባዋ እንዳለ ማስታወስ ይገባናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንተም በተመደብህበት ቦታ ከጥቂት ጓደኞችህ ጋር ትንሽ ጉባኤ ለማቋቋም ታስብ ይሆናል። ወንበርና ጣራ ከመቍጠርህ በፊት ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። የገንዘቡን ሣጥን የሚሞላው ማን ነው? ከመካከላችሁ አንዱ ቢታመም ወይም ቢታሰር ምግብ የሚያመላልስለት ማን ነው? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ በተለይ ለኛ ለመንግሥት ሠራተኞች። ነገ ጠዋት የዝውውር ደብዳቤ ቢደርስህና በቅዳሜው አውቶቡስ ብትሄድ፥ እሑድ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብላቸው ማን ነው?

ለሦስተኛው ጥያቄ የሰው ስም መጥራት ከቻልህ፥ ዐሥር ሰውም ብትሆኑ ጥቂት አይደላችሁም። መጥራት ካልቻልህ ግን ጣራው ይቈይ፤ አስቀድመህ ያን ሰው ማስተማር ጀምር።