ለመዝፈን የሚሄደው ልጃችን

በኅብረታችን ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ያደገው ቢቸና አካባቢ ነው፤ ለትምህርት ሞጣ አክስቱ ዘንድ መጥቶ ጌታን ያገኘው እዚህ ነው። ማይክ በእጁ ያስያዝነው እኛ ነን። ኪቦርድ መንካት የጀመረውም በእኛው አሮጌ ኪቦርድ ነው። ሲዘምር እናቶች ሲያለቅሱ አይተን «ጸጋ አለው» ብለን የመሰከርንለትም እኛው ነን። ባለፈው ወር ከአምልኮ በኋላ ቀረብ አለና «ጸልዩልኝ፣ አዲስ አበባ ልሄድ ነው» አለን። ለምን እንደሚሄድ ስንጠይቀው አልደበቀንም። ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ፣ ለውድድርም እየተዘጋጀሁ ነው አለ።

ከመካከላችን አንዱ ገላትያ 5፥21ን ጠቀሰ። ሌላው ወደ ኋላ እየተመለስክ ነው አለው። ሦስተኛው ምንም አላለም፤ ዝምታውም ከሁለቱ የባሰ ነበር። ሳንጸልይለት ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ከኳየሩ መካከል አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው እርሱን ለመክሰስ አይደለም፤ የሰጠነው መልስ ስላላሳረፈን ነው።

በመጀመሪያ ጥቅሱን ራሱን እንየው። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱሳችን ጳውሎስ የሥጋ ሥራ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። በአማርኛ ያነበበ ሰው ወዲያው የሚያስበው ካሴትና መድረክ ነው። በግሪኩ ያለው ቃል ግን ኮሞስ ነው፤ ሰክሮ በሌሊት የመጨፈርና ያለ ልክ የመፈንጠዝ ነገር ነው። ሮሜ 13፥13 እና 1ኛ ጴጥሮስ 4፥3 ላይም ያለው ይኸው ቃል ነው፤ በሦስቱም ቦታ ስካር ከጎኑ ይገኛል። እንግዲህ ጳውሎስ ልጇን እሹሩሩ የምትለውን እናት፣ በደቦ ጤፍ እያጨደ የሚያዜመውን ገበሬ፣ ሙሽራ የሚሸኙትን ልጃገረዶች እየከሰሰ አይደለም። መኃልየ መኃልይም በመጽሐፋችን ውስጥ ያለው በስሕተት ገብቶ አይደለም።

ይህን ስንል ግን ነገሩን አቅልለን ማለፋችን አይደለም። ቃሉ ካሴትን ባይከስስም የሌሊቱን ቤት ይከስሳል፤ ዛሬ በአገራችን አንድ ጀማሪ ድምፃዊ እንጀራ የሚበላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በሌሊቱ ቤት ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ይሠራል። ሰው እየጠጣ ይሰማዋል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፣ ብርጭቆ ይልክለታል። ድምፁ እንዳይደክም ጫት፣ ለመተኛት ደግሞ ሌላ ነገር ይጀምራል። ቅዳሜ ሌሊት የሠራ ሰው እሑድ ጠዋት አምልኮ ላይ መገኘቱ ቀላል አይደለም። ለልጃችን መንገር የነበረብን ይህንን ነው። አንድ ጥቅስ ወርውረን ዝም ማለታችን ይህን ሁሉ ብቻውን እንዲማረው ተውነው ማለት ነው።

ሙሉቀን መለሰን ብዙዎቻችን እንጠቅሳለን። የእኛው የጎጃም ልጅ ነው። በ1946 ዓ.ም. ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ጢም ሳያበቅል በፖሊስ ኦርኬስትራ መድረክ ቆመ፤ በኋላም ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ ይደመጣሉ። ዝናው ከፍ ብሎ ሳለ ክርስቶስን አገኘ፣ ዘፈኑን ተወ፣ ዘማሪም ሆነ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲያርፍ ያለቀሰለት አማኙም ያላመነውም ነው። ከዚያው ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣችው ሂሩት በቀለም እንዲሁ ወደ ዝማሬ መጥታለች።

እነዚህን ሁለቱን የምንጠራቸው ወጣቶችን ለማስፈራራት ነው፤ «አያችሁ? እነርሱ እንኳ ትተውታል» እንላለን። ሙሉቀን ግን የተወው አልሆንለት ስላለው፣ ወይም ሽማግሌ ስለተቆጣው አይደለም። ከዝናው የሚበልጥ ስላገኘ ነው። ልባችን ያልነካውን ሰው «ተወው» ብንለው ምን ይተዋል? ቢተወውም በቁጭት ይተወዋል፤ አርባ ዓመት ሲሞላው ቤተ ክርስቲያን ሕይወቴን ወሰደችብኝ ይላል። (የሙሉቀንን የድሮ ዘፈን በመኪና ስንሄድ ድምፁን ቀንሰን የምንሰማ ሰዎች እንዳለንም እናውቃለን። እኛም ከእነርሱ መካከል ነን።)

ስለዚህ «ሂድ» ወይም «አትሂድ» ከማለታችን በፊት ዝግጅትህ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቀው ይሻላል እንላለን። ጌታ ግንብ ጀምሮ መጨረስ ስላቃተው ሰው የተናገረው ለእንዲህ ያለው ጉዳይም ይሆናል፤ ሉቃስ 14 ላይ ነው።

የምንኖርበት ምድር ዜማ በዋዛ የሚያዝበት ምድር አይደለም። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ነው። ድጓን የሚማር የቆሎ ተማሪ ለምኖ እየበላ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ እየለየ ዓመታት ይፈጃል። በትምህርተ ሃይማኖት ከእነርሱ ብንለይም ትጋታቸው ሊያሳፍረን ይገባል። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ላይ ለእግዚአብሔር ዝማሬ የተማሩ 288 ሰዎች ተቆጥረዋል፤ በምዕራፍ 15 ላይም ክናንያ ዜማውን እንዲመራ የተሾመው ስለሚያውቅ ነው። የእኛን ኳየር ልጆች ግን ይህ መዝሙር ትዝታ ነው ወይስ ባቲ፣ አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ ብለን ብንጠይቃቸው ስንቱ ይመልስልናል? «ቅባት ካለ ይበቃል» ብለን አሳድገናቸዋል። ልጃችንም ይህን ይዞ ነው የሚሄደው። እንደ ፋና ላምሮት ባሉ ውድድሮች ዳኞች ፊት ቆሞ ቅኝት ሲስት ቅባት አያድነውም። ቢችል ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ይሞክር፤ ባይችል ከአንድ ማሲንቆ ከሚያውቅ ሰው እግር ሥር አንድ ዓመት ይቀመጥ። በእኛ አገር «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ማለት ስድብ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ቅኝትን በጆሮው ጠብቆ ያቆየልን ይኸው የተናቀው ሰው ነው።

ገንዘቡም አለ። አንድ አልበም ለማውጣት ግጥም ይገዛል፣ ዜማ ይገዛል፣ ቅንብርና ሚክሲንግ ይከፈላል። ገንዘብ የሌለው ልጅ ይህን ሁሉ የሚከፍልለት ሰው ሲያገኝ ሳያነብ ይፈርማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለገጣሚውም መብት ሰጥቷል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ከወንድሞች መካከል ሕግ የተማረ አለን። ውሉን ይዘህ ሳትፈርም በፊት ደውልልን ማለት ከስብከት ያነሰ አገልግሎት አይመስለንም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የሚዘፍነው ቃል ነው። ሽለላና ቀረርቶ የዚህ ምድር ነው። የበላይ ዘለቀ አገር ተወልዶ ይህን ሳይሰማ ያደገ የለም። ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እናት፣ ስለ ስደት፣ ስለ አገር ቢያዜም ከእኛ ጋር የሚያጣላው ነገር አናይም። ነገር ግን በዚህ ደም በበዛበት ዘመን ወንድም ወንድሙን እንዲያርድ የሚያነሣሣ ግጥም ይሰጡታል፤ ሰው እንደሚወደውም፣ ሚሊዮን እንደሚያየውም ይነግሩታል። ያን ቀን እንቢ የሚልበትን ጉልበት ከየት ያመጣል? ስለ ሴት ገላ የሚያሳፍር ግጥም ሲሰጠውስ? ይህ ጉልበት ስቱዲዮ ውስጥ አይገኝም። አብሮት የሚጸልይ፣ ስሕተቱን የሚነግረው፣ ቢወድቅ የሚያነሣው ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ደግሞ ይህን ሰው መሆን ስንችል በሩን ዘጋን።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲያነቡ ለዓለም በር ከፈታችሁ ይሉናል። በቅንነት የሚያስቡ ስለሆኑ አንቆጣም። ከመካከላችንም አንዱ እስከ አሁን ልጁ ባይሄድ ይመርጣል፤ ይህንንም በፊቱ እንዲነግረው ተስማምተናል። የማንስማማው ሳይጸለይለት መሄዱን ነው። ዳዊት በገናውን የደረደረው በአምልኮ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ክፉ መንፈስ በሚያስጨንቀው በሳኦል ቤትም ነበር፤ ጦር እየተወረወረበት ማለት ነው። በዚያ ቤት ሳለ ግን የሚወደው ዮናታን ነበረው።

ባለፈው ሐሙስ አክስቱን አግኝተናቸው ነበር። ልጁ ወደ ቢቸና ተመልሷል፤ አባቱ ጤፍ ሸጠው ለመንገድና ለሦስት ወር የቤት ኪራይ የሚሆን ሰጥተውታል። አባቱ የእኛ ኅብረት አባል አይደሉም፣ ዘፋኝነቱንም አልወደዱለትም፤ ግን ልጄ ነው ብለው ስንቁን አዘጋጅተውለታል። ይህን ስንሰማ አንገታችንን ደፋን።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ቢቸና እንወርዳለን። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጸሎት ቡድን መሪ ስልክ ይዘናል፣ አሮጌውን ኪቦርድም ጭነነዋል። ይቅርታ የምንጠይቀው በአባቱ ፊት ነው። ከፈቀደልን እጃችንን ጭነን እንጸልይለታለን።