ጋያው ይጠረግ፣ ጥቀርሻው ይቆይ

አሮጌ ጋያ ከቆጥ ሲወርድ ከሦስት አንዱ ዕጣ ይደርሰዋል። ወይ «ይሄን ጉድ ማን አመጣው?» ተብሎ ይጣላል፤ ወይ ለቱሪስት ይሸጣል፤ ወይ በሳሙናና በአሸዋ ተፈትጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሳሎን ይሰቀላል። የሁለቱ ጥፋት ግልጽ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ በደግነት የሚፈጸም ጥፋት ነዋ!

ለማታውቁት፣ ጋያ ማለት ውኃ የሚይዝ ቅል፣ ትንባሆው የሚነድበት የሸክላ አናትና መሳቢያ ሸምበቆ ነው። በቃ። በጎንደር ደጋ ግን እንዲህ ቀላል ዕቃ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ትንባሆን አጥብቃ ታወግዛለች። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ደግሞ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር የውጭ መንገደኞች ጽፈዋል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ አገር ጥቀርሻ የጠጣ ጋያ ማለት ነውሩን ችሎ ያጨሰ ሰው ነበር ማለት ነው። ዜና መዋዕል የጻፈው ስለ ንጉሥ እንጂ ስለዚያ ሰው አይደለም። ምስክሩ ጥቀርሻው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ በኦሞ እናጥበዋለን!

«ፒፓ እኮ በአልኮል ይጸዳል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አልኮል ጥቀርሻን ያሟሟል። ግን ፒፓ የሚጸዳው ተመልሶ እንዲጨስበት ነው። ጋያውን አጭሱበት ያለ የለም፤ ትንባሆ ገዳይ መሆኑን እናውቃለን። እንዲቆይ ከተፈለገ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ሸክላው ውኃና ሳሙና ይመጣል፤ ከውኃው ጋር የገባ ጨው ሲደርቅ ገጹን ይልጠዋል። አሸዋ ጌጡን ይፍቃል። ቅሉ ተሰንጥቆ የተሰፋ ከሆነም ስፌቱን አትፍቱ፤ ባለቤቱ ምን ያህል ይወደው እንደነበር የሚናገረው እሱ ነው።

ትምህርቱ ከደጃችን አለ። በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ሕንፃዎች በሲሚንቶ ጠገኑ፤ ኋላ ያንን አንስቶ ወደ ኖራ ለመመለስ ሌላ ጥገና አስፈለገ። ሲሚንቶስ ይፋቃል። የታጠበ ጥቀርሻ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሳሙናውን አስቀምጡና ወረቀት አንሡ። የማን ነበር? ከየት መጣ? ማን ሰፋው? የሚያውቁት አያት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉና ከጋያው ጋር አኑሩት። ከቫርኒሽ ይልቅ ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነው።