ከበረንዳ እስከ መሬት

ባለፈው ሳምንት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጄ የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥያቄው ስለ ዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታዋን ክብደቷ ወደ ታች ይስባታል፤ አየሩ ደግሞ ይቋቋማታል። ፍጥነቷ በጨመረ ቁጥር የአየሩም መቋቋም ይበረታል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑስ? ልጁ «ትቆማለች» ብሎ ጽፏል።

«ዝናብ አየር ላይ ቆሞ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሳቀ።

እኔ ፊዚክስ ከተማርኩ ዘመን የለውም። ግን የኢኤስአር ምርመራ ትዝ አለኝና ነገርኩት። ደሙ በቀጭን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ በክብደታቸው ይዘቅጣሉ። ፕላዝማው ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረዱ ይነበባል። ጠብታዋም እንዲሁ ናት፤ ኃይሎቹ ሲተካከሉ የሚቆመው የፍጥነቷ መጨመር ነው፣ እሷማ መውረዷን ትቀጥላለች። ትልቅ ጠብታ በሴኮንድ 9 ሜትር ገደማ እየወረደ መሬት ይደርሳል። አየር ባይኖር ኖሮ ከ2000 ሜትር ከፍታ የመጣ ጠብታ በሴኮንድ 200 ሜትር ይወርድብን ነበር። ያኔ ጃንጥላ ምን ሊፈይድ!

ቀጣዩ ጥያቄ ከፎቅ ስለሚወድቅ ድንጋይ ሆኖ «የአየሩን መቋቋም ተወው» ይላል። ድንጋዩ ከባድ፣ መንገዱም አጭር ስለሆነ አየሩ ብዙም አያዘገየውም። ልጁ «የኛስ በረንዳ?» ብሎ በራሱ ማስላት ጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ 9 ሜትር ቢሆን ነው። 2 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ9፣ 180። ስኩዌር ሩቱ 13.4። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የሚፈጀው ጊዜ 1.3 ሴኮንድ።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ ከበረንዳ የወደቁ ሕፃናት ተቀብያለሁ። እናቶቹ «አሁን እዚህ ነበረ እኮ» ይሉኝ ነበር። አፍ አውጥቼ ባልናገርም «አንቺ የት ሄደሽ?» ብዬ በልቤ የታዘብኳቸው አሉ። ሕፃኑ አንዴ ካመለጠ እጅ የሚደርስበት ጊዜ እንደሌለ ግን አስልቼው አላውቅም ነበር።

የበረንዳችን ብረት ወገቤ ድረስ ይመጣል። ፀሐይ የምሞቅበት የፕላስቲክ ወንበር ከሥሩ ነው የሚውለው። ትንሿ የልጅ ልጄ ደግሞ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ያገኘችው ላይ ሁሉ ትወጣለች። ወንበሩን ያን ማታ ሳሎን አስገባሁት። አሁን ጠዋት ይዤው እወጣለሁ፣ ስነሳ ይዤው እገባለሁ። የአበባ ማሰሮዎቹን ነገር ግን ከምራቴ ጋር ገና አልተስማማንም።