ናሙና እፍኝ ነው እንጂ ጆንያ አይደለም

በአሰላ ገበያ ገብስ የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው አንድ እፍኝ አውጥቶ በመዳፉ ላይ ያየዋል፤ ፍሬውን በጥርሱ ሰበር አድርጎ ድርቀቱን ይፈትናል፤ ከዚያም ዋጋ ይነጋገራል። «ጆንያውን እንዳለ ልውሰድና ጠላ ጠምቄ ልቅመሰው፤ ከጣመኝ እከፍልሃለሁ» የሚል ገዢ ቢመጣ ግን ገበያተኛው ሁሉ ይስቅበታል። በግራፊክ ዲዛይን ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ገዢ ሲመጣ የሚስቅ አለመኖሩ፣ እንዲያውም ጆንያውን ተሸክመው የሚከተሉት ወጣቶች መብዛታቸው የሚያስደንቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ወይም ማኅበር ዓርማ ወይም ታፔላ ሲያስፈልገው ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ወጣቶቹንም ለቃለ መጠይቅ ጠርቶ «እስቲ መጀመሪያ ሠርታችሁ አምጡ፤ የወደድነውን እንመርጣለን» ይላቸዋል። ሦስቱም በኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጡ ያድራሉ። አንዱ ይከፈለዋል፤ የሁለቱ ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚህም የከፋ አለ። አንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ «አልተመረጠም» የተባለውን ዓርማውን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ብቻ ተለውጦ በር ላይ ተሰቅሎ አገኘው። ቢጠይቅ «ውል አለህን?» አሉት። ውል አልነበረውም።

ታዲያ አሠሪው ሳያይ በምን ይመን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም የአርሲ ገበሬ ያውቀዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የተቋቋመውና ካዱ በመባል የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስተዋውቅ ሠርቶ ማሳያ ነበረው። ገበሬው ሰብሉን በዚያ አይቶ ለራሱ ይወስናል። ለዲዛይነርም ሠርቶ ማሳያው ከዚህ ቀደም የሠራቸው ሥራዎች ስብስብ ነው። ገና ጀማሪ የሆነ እንደ ሆነ፣ በራሱ ሐሳብ ለአንድ ዳቦ ቤት ወይም ለአንድ የሩጫ ውድድር የሚሆን ሥራ ሠርቶ ያስቀምጥ። ለሰፈሩ እድር በነፃ ቢሠራም መልካም ነው፤ ወዶ የሰጡት ስጦታ ነውና። ተስፋ እያሳዩ በነፃ ማሠራት ግን ስሙ ሌላ ነው።

ቃለ መጠይቅም የአንድ ወገን ምርመራ አይደለም። ወጣቱ ጠያቂ ሆኖ ይግባ። ዓርማው የሚታተመው በምን ላይ ነው? የሚያየው ማን ነው? ሥራው የሚደርሰው መቼ ነው? «ይሁን» ብሎ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሥራ አስኪያጁ ነው ወይስ ኮሚቴው? ዓርማው በእህል ጆንያ ላይ የሚታተም ከሆነ ቀጭን መስመር ይጠፋል፤ እየፈዘዘ የሚሄድ ቀለምም ይበላሻል፤ ስለዚህ ወፍራም ቅርጽና አንድ ሁለት ቀለም ይበቃዋል። ይህን በወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያስረዳ ልጅ አንድ መስመር ሳያሰምር ችሎታውን አሳይቷል። እፍኙ ይህ ነው።

ዋጋ ሲሰጥ ደግሞ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ጽፎ አይመለስ። ስንት አማራጭ እንደሚያቀርብ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርም፣ ከዚያ በላይ ለሚጠየቅ እርማት ስንት እንደሚያስከፍል፣ ዋናውን ፋይል መቼ እንደሚያስረክብ ለየብቻው ይጻፍ። ሥራው የሚወስደውን ቀን፣ ኢንተርኔቱንና ምልልሱን አስቀድሞ ያስላ። ጨረታውን ለማሸነፍ ብቻ ዋጋውን የሰበረ ሰው ሦስተኛው እርማት ላይ ሲደርስ ሥራውን ይጠላዋል፤ የተጠላ ሥራ ደግሞ አያምርም። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው።

ከዚህ በኋላ ቀብድ ይምጣ። ልብስ ሰፊውና አናጢው ቀብድ ሲጠይቁ ማንም አይቀየማቸውም። ሕጉም ቢሆን ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መቀበል ውል ለመኖሩ ማስረጃ እንደሆነ ይናገራል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እንግዲህ ቀብድ ሁለቱንም ወገን የሚይዝ ልጓም እንጂ የወጣት ድፍረት አይደለም።

በየመሥሪያ ቤቱ በግዢ ኮሚቴ ለምትቀመጡ ወጣት ሹማምንትም አንድ ቃል አለኝ። የቀድሞ ሥራቸውን አይታችሁ አንዱን ምረጡና አሠሩት። የሦስቱንም ናሙና ማየት ግድ ከሆነ ለሦስቱም ጥቂት ክፈሉ፤ ያልተመረጠውንም እንዳትጠቀሙበት በጽሑፍ አረጋግጡ። ትናንት ከእናንተ ጋር በአንድ ክፍል የተማረው ልጅ ዛሬ ፕሮፎርማ ይዞ በራችሁ ላይ ቆሟል። የሌሊቱን ዋጋ እናንተ ካላወቃችሁለት ማን ያውቅለታል?