ያስኮረጀ ሁሉ ወዳጅ ነውን?

ባለፈው ሰሞን አክስቴን ለመጠየቅ ሄጄ ሳለሁ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጇ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወደ ጓሮ ጠርቶ ምክር ጠየቀኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍሉ ልጆች በቴሌግራም ተሰባስበው ስለ መጪው ፈተና ውል ተዋውለዋል። ስልኩን ካልሲው ውስጥ ደብቆ የሚያስገባ አለ፤ ፈታኙን በጥያቄ የሚያዘናጋ አለ፤ እርሱ ደግሞ በሒሳብ ጎበዝ ስለ ሆነ፣ የሠራውን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሁሉም እንዲልክ ተመድቧል። «እምቢ ብል ንፉግ ይሉኛል፤ እሺ ብል ኅሊናዬ አይቀበለውም። ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ።

ለመመለስ ጥቂት ዘገየሁ። ምክንያቱም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ተጠይቄ እሺ ብያለሁ። ለአንድ ባልንጀራዬ የፊዚክስን ፈተና መልስ ዓመቱን ሙሉ በስልክ እልክለት ነበር። እናቱም አብሬው የማጠና መስሏት ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቀኝ ነበር። ባልንጀራዬ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ በውጤት ጉድለት ተሰናበተ። ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልሁት። አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም፤ እኔ ግን የላክሁለትን መልስ ሁሉ ያን ቀን አስታወስሁት።

መቼም ስለ ኩረጃ በተነሣ ቁጥር ጣታችንን የምንቀስረው በስልክና በኢንተርኔት ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስልክ ከመምጣቱ በፊት አጤሬራ ነበረ፤ መዳፍ ላይ መጻፍም ነበረ። ስልኩ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ከአንድ ዴስክ የማያልፈውን በደል አገር እንዲያዳርስ ማድረጉ ነው። በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ፣ የአገሪቱ ተፈታኝ ሁሉ እንደገና እንዲፈተን ግድ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ለፈተናው ሲባል የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ጥቂቶች የሰረቁትን ለመጠበቅ ሲባል ነጋዴውም ሐኪሙም ከዓለም ተቆረጠ ማለት ነው።

ከዚያም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ያለ ስልክ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱም ሁላችንን አስደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ ከ3.2 በመቶ አላለፈም።

«ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ነውን? መጽሐፍ ሳይዳረስ፣ መምህር ሳይሟላ የተማረ ልጅ ምን ያድርግ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ይህን ሁሉ ውድቀት ያመጣው ኩረጃ ብቻ አይደለም። ነገር ግን በሽታው እንዳይታይ ሸፍኖ ያቆየው እርሱ ነው። ተማሪው ሁሉ በተውሶ መልስ ሲያልፍ፣ መጽሐፍ የጎደለው ትምህርት ቤትና ያልጎደለው ይመሳሰላሉ፤ የጎደለውን ለማሟላት የሚነሣም አይገኝም። እንግዲህ አስኮራጅ የሚበድለው አጠገቡ የተቀመጠውን ብቻ ሳይሆን፣ በሩቅ ወረዳ ያለ መጽሐፍ የተቀመጠውንም ነው።

የነገሩ ሥር ያለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ለኩረጃ ባወጣንለት ስም ላይ ነው። «መረዳዳት» ብለነዋል። መልሱን የሰጠ ቸር ሲባል፣ የከለከለ ክፉ ይባላል። እንጀራ መካፈል ደግ ሥራ ነው፤ ዕውቀት ግን በፈተና ሰዓት የሚካፈሉት እንጀራ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው፣ የተዋሰው መልስ ሲፈለግበት ከተዋሹ ጋር አይገኝም።

በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶችም «ይህ የተማሪ ቤት ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የአምናውን ሪፖርት ቀኑን ብቻ ለውጦ ማቅረብ፣ ለባልንጀራ ሲሉ ባልገባበት ቀን ፈርሞ ማለፍ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን ጥናት ሳያነቡ በስም መፈረም፣ እነዚህ ሁሉ የዚያው የኩረጃ ታላላቅ ወንድሞች ናቸው። በክፍል ውስጥ «መረዳዳት» የተባለው በመሥሪያ ቤት «መተባበር» ይባላል። ሒሳቡን የሚከፍለው ግን በመስኮቱ በኩል ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። «በፈተናው ቀን እምቢ በል። ከፈተናው በፊት ግን የጠየቀህን ሁሉ እሺ በል። ያው ቴሌግራም መጽሐፍም ይሸከማል፣ ጥያቄም ያደርሳል። በመጪው ዓመት ሁላችሁም ስልካችሁን ትታችሁ በፈተናው በር ትገባላችሁ። ከዚያ በር የሚያልፈው በየጭንቅላታችሁ ያለው ብቻ ነው» አልሁት።

እርሱም ለውሉ ማኅበርተኞች፣ ፎቶግራፉን እንደማይልክ፣ ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ሊያስረዳቸው ፈቃደኛ መሆኑን ጻፈላቸው። አንዳንዱ ሰደበው፤ አንዳንዱ ዝም አለ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአሥራ አራቱ የመጡት ሦስት ናቸው። አክስቴም ለአራቱም ቡና አፈላችላቸው።

ሦስት ጥቂት ነው። ነገር ግን እኔ በዚያ ዕድሜ ሳለሁ ለባልንጀራዬ አንድም ቅዳሜ አልሰጠሁትም።